ባላምባራስ ሙጨ ስንት ወለዱ?

ሰው ለማግባት ሲነሣ የሚያሰናክለው አይጠፋም። አንዱን የልጅቱ እናት ዐይን ያሰናክለዋል፣ ሌላውን የገዛ ጠባዩ። እኔን ያሰናከለኝ የገዛ ጽሑፌ ነው። ያውም ጋዜጣ ላይ የወጣ እንዳይመስላችሁ። እኅቴና «ተባረክ» ብቻ እያለ የሚጽፍልኝ አንድ የማላውቀው ሰው የሚያነቡት ብሎግ አለኝ፤ እዚያ ላይ የወጣ ነው። ስንት ዘመን «ምነው አንባቢ ባገኘሁ» እያልሁ ኖሬ ኖሬ፣ የተነበበልኝ ጊዜ ሚስት ልከለከል!

ፍኖተ ሰላም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ፈተና አርሜ ስጨርስ እጽፋለሁ። ስለ ባጃጅ ጽፌአለሁ፣ መብራት ስለሚጠፋበት ሰዓት ጽፌአለሁ፣ ለቅሶ ቤት ካርታ ሲጫወቱ ስለሚጣሉ ሰዎች ጽፌ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። አንድ ጊዜ ደግሞ ማንኩሳ አካባቢ ገጠር ውስጥ የዘመድ ሰርግ ሄጄ፣ የአያቴ ወንድም አያ ካሴ ስለ አባታቸው የተናገሩትን እንዳለ ወስጄ አወጣሁት። አባታቸው ማለት የኔ ቅድመ አያት ባላምባራስ ሙጨ ናቸው። አያ ካሴ ጠላቸውን ቀመስ አድርገው ያሉት ይህን ነው፦ «ከብር ወንዝ እስከ ሽንዲ ጭስ የሚጨስበት ቤት ሁሉ የባላምባራስ ሙጨ ልጅ ነው!» ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። እኔም ይህን የመሰለ ንግግር ጠፍቶ እንዳይቀር ብዬ ጻፍሁት። ርእሱንም «የአገር አባት» አልሁት። እኅቴ አነበበችው። ያም ሰውዬ «ተባረክ» አለኝ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ስመኝን አወቅሁ። ስመኝ ቡሬ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ለስብሰባ ሄጄ ጉንፋን ይዞኝ ገባሁ፤ ሽሮፑን በምን ያህል ማንኪያ እንደምወስድ አስረዳችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ጉንፋን ሊለቀኝ አልቻለም። በየሳምንቱ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለጉንፋን እሄድ ጀመር። አንድ ቅዳሜ «መምህር፣ በሽታዎን ለእኔ ሳይሆን ለአጎቴ ቢነግሩት ይሻላል» አለችኝ። ይህን ያህል ግልጽ ያለ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። በማግስቱ ሽማግሌ መፈለግ ጀመርሁ።

አጎቷ ጋሼ ይሁኔ ናቸው። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለ ሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለብዙ ዘመን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ዶሮ ሲገዙ እንኳ የት እንደ ተፈለፈለች ሳይጠይቁ አይገዙም ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሲድር ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሰባት ቤት ድረስ ዘር ማስቈጠር የማንም ወግ ነው፤ በእሱ ቅር አይለኝም። ጋሼ ይሁኔ ግን ዘር ቈጣሪ ዘመዶቻቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ስልካቸውን ጠየቁ።

አሁን አሁን እንዲህ ያለ ነገር መጥቷል። ኤአይ ይሉታል። ጥያቄህን ትጽፍለታለህ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ አገላብጦ እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ይመልስልሃል፤ ከሥሩም ከየት እንዳመጣው ይጠቅሳል። ጋሼ ይሁኔም የኔን የአያቶች ስም፣ የራሳቸውን ቤተሰብ አገር ጽፈው «ዝምድና አለን ወይ?» ብለው ጠየቁት። የእነ ስመኝ ዘር ደግሞ ከቡሬና ከሽንዲ መካከል ነው።

ሽማግሌዎቼ ሄደው ተመለሱ። ፊታቸውን ሳይ ነገሩ እንዳልቀናኝ ገባኝ። መሪያቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው «ልጀ፣ እኅትህን ልታገባ ላክኸን እኮ» አሉኝ።

«ምን?»

«ገና ቁጭ ሳንል ስልኩን አወጡና አነበቡልን። ‹በምንጮች መሠረት ከብር ወንዝ እስከ ሽንዲ ያለው ነዋሪ ከባላምባራስ ሙጨ የሚወለድ ስለሆነ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የቅርብ የሥጋ ዝምድና አለ› ይላል። እኛም አፈርን፤ ወጣን።»

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጠየቅሁት። ያንኑ መለሰልኝ። ምንጩን ልይ ብዬ ወደ ታች ወረድሁ። የገዛ ብሎጌ ነው። ርእሱ «የአገር አባት»፣ ከጎኑ የኔ ፎቶ፣ እየሣቅሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ያስጠላኝ ፎቶ የለም።

እኔ እንዲህ በቀላሉ የምመለስ ሰው አይደለሁም። ስመኝን አገባታለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ሰው ቢከለክለኝ ሰውን እለምናለሁ፣ ስልክ ቢከለክለኝ ደግሞ ስልክን እከራከራለሁ። መጀመሪያ ጽሑፉን አጠፋሁት። ጥቂት ቀን ጠብቄ ስልኩን ጠየቅሁት፤ ያንኑ መለሰ። እኔ ያጠፋሁትን እሱ በቃሉ ይዞታል። እኔ የጻፍሁትን እንዲህ በቃሉ የሚይዝ ተማሪ አንድም አላስተማርሁም።

ቀጥዬ ማስተባበያ ጻፍሁ። «ባላምባራስ ሙጨ የቡሬና የሽንዲ ሰው ሁሉ አባት አይደሉም» ብዬ፣ እንዳይሳሳት ደጋግሜ፣ አጥብቄ ጻፍሁ። ከቀናት በኋላ ስጠይቀው መልሱ ተለውጧል። «የባላምባራስ ሙጨ አባትነት አከራካሪ ነው» ይላል።  ነገሩን ላቃና ብዬ ሽማግሌውን ከነመቃብራቸው የአባትነት ክስ ውስጥ ከተትኋቸው ማለት ነው። ይህን አያ ካሴ ቢሰሙ ኖሮ ማንኩሳን ዳግመኛ እግሬ አይረግጣትም ነበር። ማስተባበያውንም አጠፋሁት።

በመጨረሻ ፊት ለፊት ተያያዝን። «የባላምባራስ ሙጨ የልጅ ልጅ ልጅ እኔ ነኝ። ጽሑፉን የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ተሳስተሃል» ብዬ ጻፍሁለት። ይቅርታ ጠየቀኝ። እንዴት ያለ ትሑት ይቅርታ መሰላችሁ! «ፍጹም ልክ ነዎት፣ ስላረሙኝ አመሰግናለሁ» አለኝ። ከባልደረቦቼ አንዱ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደስ ብሎኝ የእኅቴን ስልክ ተቀበልሁና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት። ዝምድና አለ አለ። ይቅርታው ለእኔ ብቻ ነበር ለካ።

በዚህ መካከል ደግሞ ዘመድ በዛብኝ። አንድ ሰው ከሽንዲ ደወለና «እንዴት ነህ የሥጋ ዘመዴ!» አለኝ። እሱም ስልኩን ጠይቆ ነው፤ ቁጥሬን ከብሎጉ አገኘ። ልጁ ፍኖተ ሰላም ልትማር ስለሆነ እኔ ዘንድ ታርፋለች። «ዘመድ እያለ ቤት መከራየት ምን የሚሉት ነው?» አለኝ። ዘመዴ አይደለህም ማለት እንዴት ይቻላል? ሰውዬው በስልክ እንኳ አቅፎ የሳመኝ ያህል ነው ደስ ያለው። እኔ ላጤ ስለሆንሁ ልጅቱን እኅቴ ቤት አስገባኋት። ወሬው ቡሬ ደረሰ። ጋሼ ይሁኔ «ይኸው! የሽንዲውን ዝምድና ቤት ሰጥቶ አጸደቀው» አሉ አሉ።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ አልቻልሁም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ከገባ ሰርግ የለም። ስመኝም ሌላ ጠያቂ እንዳለባት በጓደኛዋ በኩል አሰማችኝ፤ መሬት አስተዳደር የሚሠራ፣ ብሎግ የሌለው ሰው። ልጅ የጠየቀ ሰው ራሱ ሄዶ ደጅ መቆሙ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ነውሩን ዋጥ አድርጌ ቡሬ ሄድሁ።

ጋሼ ይሁኔ በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ። የድሮ ርእሰ መምህርነታቸው አልለቀቃቸውም፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሲያዩኝ ያረፈድሁ ተማሪ ሆንሁ።

«ይህን ጽሑፍ የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የተጻፈው እውነት ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«እንግዲያ ውሸት ጽፈሃል።»

«ውሸት አልጻፍሁም። አያ ካሴ የተናገሩትን ነው ያሰፈርሁት።»

«እንዲያ ከሆነ አያ ካሴ የሚባሉት ሰው ዋሽተዋል።»

«ኧረ ጋሼ! የሽማግሌ ስም…»

«ስማኝ። ዘመዷ ከሆንህ አልድርልህም። ውሸታም ከሆንህም አልድርልህም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆንህ ንገረኝና በሰላም ልሸኝህ።»

 ክፍል ውስጥ ስንቱን ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አፉን ይዞ ሲቆም ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ አሁን አዘንሁላቸው። ያም ሆኖ አልተነሣሁም። «ጋሼ፣ ምን ባደርግ ነው የሚያምኑኝ? ያሉኝን አደርጋለሁ» አልኋቸው።  ልጅ ሆነው በተማሩት ወግ ነገሩን ሲያስቡት ይታየኛል።

«ነገሩን በአፉ ያወጣው ሰው በአፉ ይመልሰው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ስልኩ ከአንተ ሰማ፣ አንተ ከአያ ካሴ ሰማህ። ከሰሚ ጋር ምን አከራከረኝ? አያ ካሴ እዚህ ግቢ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ይናገሩ። ጾም ሳይያዝ።»

ስወጣ ስመኝ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። «አያ ካሴን ሳትይዝ ብትመጣ መድኃኒት እንኳ አልሸጥልህም» አለችኝ። ዐይኗ ግን ቀልቷል። ያን ጊዜ የከፋው እኔን ብቻ አለመሆኑን ዐወቅሁ።

አያ ካሴን አውድማ ላይ አገኘኋቸው። ጤፍ ይወቃል፤ ወጣቶቹ በሬ ይነዳሉ፣ እሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ይሳደባሉ። ከጉልበታቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ጤነኛ ነው። ነገሬን ስነግራቸው መጀመሪያ ደስ አላቸው።

«ስሙ ቡሬ ደረሰ በለኛ! ያ ስልክ እስከ የት ይሰማል?»

«እስከ አሜሪካ አያ።»

«ባላምባራስ አሜሪካ ገባ!» ብለው ለወጣቶቹ አሰሙ። ከዚያ የመጣሁበትን ጨርሼ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቈረ።

«አባቴን ልቀንሰው ነው የምትለኝ?»

«መቀነስ አይደለም አያ፤ ማስተካከል ነው።»

«ሞቶ የተቀበረ ሰው ምኑ ይስተካከላል? ሂድ አንተየ፤ ሌላ ልጅ ፈልግ። ጎጃም ሴት አላጣ።»

«ከብር ወንዝ እስከ ሽንዲ ያሉት ሁሉ እኅቶቼ ከሆኑ የት ሄጄ ልፈልግ?» አልኋቸው። ወጣቶቹ ሣቁ። እሳቸው አልሣቁም።

አልሄድሁም። ኮቴን አወለቅሁና መንሽ አነሣሁ። እብቁ አንገቴ ውስጥ ገባ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ ለምን እንደ ተፈጠረ የማላውቀው ቦታ ሁሉ ገባ። «መምህር፣ መንሹን እንደ ጠመኔ አትያዘው!» ይሉኛል ከጥላው ሥር። በየቅዳሜው እየሄድሁ እበጥራለሁ፤ በየቅዳሜው እለምናለሁ፤ በየቅዳሜው አይሆንም ይሉኛል። ተማሪዎቼ ሰኞ ሰኞ ሲያስነጥሰኝ «መምህር ዛሬም ጉንፋን ይዞታል» ይላሉ። በበረታሁ ቁጥር እሳቸው ይበረታሉ። የጤፉ ክምር እያለቀ፣ ጾሙም እየቀረበ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ስልኬ ጠራ። ስመኝ ናት። «አያ ካሴን ስጠኝ» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ አጠገባቸው አስቀመጥሁት።

«አያ፣ እንዴት ሰነበቱ? ስመኝ ነኝ፣ ከቡሬ።»

«እግዚሃር ይመስገን፣ ልጀ። የማን ልጅ ነሽ አንች?»

«እሱን ከእርስዎ ልስማ ብዬ ነው የደወልሁ። የባላምባራስ ልጅ ነሽ አሉኝ። አባቴ ሲሞት ልጅ ነበርሁ፤ የሚያጽናናኝ ዘመድ ስቈጥር እርስዎ አልነበሩም። ስመረቅም አላየሁዎትም። እንዲህ ያለ ትልቅ ዘመድ እያለኝ ምነው ሳይጠይቁኝ ኖሩ ብዬ ነው አያ።»

አያ ካሴ ሊጎርሱ ያነሡትን መልሰው አስቀመጡት።  

«ዘመዴ ሳትሆኝ ቀርተሽ ነው፣ ልጀ» አሉ ቀስ ብለው። «ብትሆኝማ እጠይቅሽ ነበር።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «የቡሬ መኪና ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የሚነሣ?» አሉኝ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጋሼ ይሁኔ ግቢ ሽማግሌ ተቀመጠ። የእኔም ሽማግሌዎች መጡ። አያ ካሴን እኔና አንድ ልጅ ደግፈን አስገባናቸው። ነጭ ለብሰዋል። ለመናገር ተራቸው ሲደርስ ከዘራቸውን ተክለው ሊነሡ ጀመሩ። ጋሼ ይሁኔ ደንግጠው «ኧረ ይቀመጡ አያ! እርስዎ አባት ነዎት፤ ተቀምጠው ይናገሩ» አሉ።

«ስለ አባቴ ተቀምጨ አልናገርም» አሉ አያ ካሴ። ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቆሙ። ይኼኔ ጋሼ ይሁኔም ተነሡ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሣ።

«ከብር ወንዝ እስከ ሽንዲ ያለው የባላምባራስ ሙጨ ልጅ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ የሰማውን ነው የጻፈው፤ አልዋሸም። አባቴ እንኳ ብዙ ወልዶ ነበር። ፈንጣጣ ገባና በአንድ ክረምት ጠረጋቸው። የተረፍነው እኔና የዚህ ልጅ አያት ነን። አባቴ ሲሞት ተዝካሩን ሳወጣ ዳሱ ሰፋብኝ፤ ባዶ ሆነብኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው ‹ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እንግዲህ የሙጨ ቤት መዘጋቱ ነው› ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ተነሥቸ ያን ነገር ተናገርሁ። ማንም አልሣቀብኝም። ከዚያ ወዲያ ሰው ባየሁ ቁጥር አባቴን ሳበዛው ኖርሁ።»

 እኔ አፈርሁ፤ በሳቸው አይደለም፣ እንዲህ ያለውን ቁስል ለእልልታው ብዬ «የአገር አባት» ብዬ በማውጣቴ። አያ ካሴ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ከባላምባራስ ወደ ላይ እስከ ሰባት ቤት ዘራቸውን ቈጠሩ። ጋሼ ይሁኔም የእነ ስመኝን ቈጠሩ። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው እየያዙ ተከተሉ። በእናትም ሄዱ፣ በአባትም ሄዱ። አንድ ስም አልተገናኘም።

ጋሼ ይሁኔ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።  ሊጠይቁት ነው ብዬ ነበር፤ አጥፍተው መልሰው ከተቱት። ከዚያ ወደ አያ ካሴ ሄደው እጃቸውን ያዙ።

«ልጃችንን ሰጥተናል» አሉ። «ከባላምባራስ ሙጨ ቤት ትገባለች። ያ ቤት እንግዲህ አይዘጋም።»

አያ ካሴ አለቀሱ። ስመኝ ከጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም የማጽናናው ሰው ሆኜ ሳለ ከሁሉም በላይ ጮኬ አለቀስሁ፤ መሪ ሽማግሌዬ «ሙሽራ እንዲህ አያለቅስም» ብለው በክርናቸው ጎሰሙኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አያ ካሴ አጠገቤ ተቀመጡ። ማንኩሳ መገንጠያ ስንደርስ ወደ ስልኬ አመለከቱ።

«ዛሬ የተናገርሁት እዚያ ውስጥ ገባ?»

«አልገባም አያ። እኔ ካልጻፍሁት አያውቀውም።»

አትጻፈው ሊሉኝ ነው ብዬ ለመማል ተዘጋጀሁ። ስማቸውን ለእኔ ሲሉ እንደዚያ ዝቅ አድርገዋል፤ ስልኩ እስከ ዘላለም «ከብር ወንዝ እስከ ሽንዲ» ቢል ግዴለኝም ብዬ ወስኛለሁ።

«ጻፈው» አሉኝ። «ለሚጠይቅ ሁሉ የሚናገር ከሆነ፣ የወንድሞቼንና የእኅቶቼን ስም ይናገርልኝ። የተቀበሩበት ቦታ ዛሬ እርሻ ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም፤ እኔም መሄዴ ነው።»

ስለዚህ ይህን የጻፍሁት ለእኅቴና ለዚያ ሰውዬ ብቻ አይደለም። ይህን የምታነብ፣ ሰውም ሁን ሌላ ነገር፣ የባላምባራስን ነገር የሚጠይቅህ ሲመጣ ከዚህ ወስደህ ንገረው። ባላምባራስ ሙጨ የወለዱት እነዚህን ነው፦ አያቴ አለነ፣ አያ ካሴ፣ ጥሩነህ፣ የሺ፣ ብርቄ፣ ደምሴ። የመጨረሻዋ ስም ሳይወጣላት ነው የሞተች። «እሷንም ጻፋት» አሉኝ፤ ጽፌአታለሁ።